ለሴሊያክ በሽታ የሚገዛ ግሉተን አልባ ምግብ በካናዳ የግብር ቅናሽ የሚያስገኝበት አሠራር

በሕመም ምክንያት ከተለመደው ማዕድ ውጭ የሆነ ምግብ ለመመገብ የተገደደ ሰው በየሳምንቱ ከሌላው ሸማች የበለጠ ወጪ ያወጣል። የሴሊያክ በሽታ ያለበት ሰው ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ለዚህ በሽታ የተረጋገጠው ሕክምና ዕድሜ ልክ ግሉተን የሌለበት ምግብ መመገብ በመሆኑ፣ ለሌላው ሰው ምግብ የሆነው ለእርሱ መድኃኒትም ጭምር ነው። ግሉተን አልባ ዳቦ፣ ፓስታና ዱቄት ደግሞ ከተራው ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው።

የካናዳ የገቢ ግብር ሕግ ይህን ጫና በከፊል ለማቃለል፣ በሕክምና ወጪ የግብር ቅናሽ ሥር ለግሉተን አልባ ምግብ የሚወጣውን ተጨማሪ ወጪ ይቀበላል። ይሁን እንጂ መብቱ መኖሩን ያላወቁ፣ ወይም እያወቁ ደረሰኝ ባለመያዛቸው የሚያጡት ቤተሰቦች አሉ። ይህ ማብራሪያ ቅናሹ ለማን እንደሚሰጥ፣ የትኞቹን ምግቦች እንደሚያካትት፣ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ እና ምን ዓይነት ማስረጃ መያዝ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያስረዳል። በካናዳ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ጠቃሚ የሆነውን የጤፍና የእንጀራ ጉዳይም ለብቻው ይመለከታል።

የበሽታው ባሕርይ

ሴሊያክ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ አካል ላይ ጉዳት የሚያደርስበት በሽታ ነው። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስ እና ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሕመምተኛው ይህን በተመገበ ቁጥር የትንሹ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል። አንጀቱ ከምግብ የሚገኙትን ንጥረ ነገሮች በአግባቡ መምጠጥ ስለማይችል የደም ማነስ፣ የክብደት መቀነስ፣ የአጥንት መሳሳት፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ የዕድገት መዘግየት ሊከተል ይችላል።

በሽታው የሚረጋገጠው በደም ምርመራ እና በአብዛኛው ከትንሹ አንጀት በሚወሰድ ናሙና ነው። ከምርመራው በፊት ግሉተንን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ በሽታው ያለበት የሚመስለው ሰው አመጋገቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርበታል። ይህ ለጤናው ብቻ ሳይሆን ለግብር ቅናሹም አስፈላጊ ነው፤ ቅናሹ የሚፈቀደው በሐኪም ጽሑፍ ለተረጋገጠ በሽታ ብቻ ነውና።

የቅናሹ መብት ያላቸው

በገቢ ግብር ሕጉ አንቀጽ 118.2 መሠረት ቅናሹን ለማግኘት ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው ሕመምተኛው የሴሊያክ በሽታ ያለበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚሁ በሽታ ምክንያት ግሉተን አልባ አመጋገብ የሚያስፈልገው መሆኑን አንድ የሕክምና ባለሙያ በጽሑፍ ማረጋገጡ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ገደብ በሚገባ ሊጤን ይገባል። ሴሊያክ ሳይኖርበት ግሉተን የማይስማማው ሰው፣ ክብደት ለመቀነስ ግሉተን ያቋረጠ፣ ወይም ለጤና ይበጀኛል በሚል ግሉተን አልባ ምግብ የመረጠ ሰው በዚህ ድንጋጌ አይጠቀምም። ለስኳር ሕመም ወይም ለደም ግፊት ተብሎ የሚገዛ ልዩ ምግብም በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንም። የተፈጥሮ ማዳበሪያ ብቻ ተጠቅሞ የተመረተ ምግብ እንዲሁም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ቫይታሚኖች በሐኪም ቢመከሩም እንኳ ተቀባይነት የላቸውም። ሆኖም የስኳር ሕመምተኛ በሐኪም ትእዛዝ የሚገዛውን ኢንሱሊንና የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ በሕክምና ወጪነት ማቅረብ ስለሚችል፣ ምግቡ አልተፈቀደም በሚል ሌላውን መብቱን መተው የለበትም።

ወጪው የሚቀርበው ለራስ፣ ለትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ ለሚኖር ሕጋዊ አጋር እንዲሁም ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ሲሆን በግብር ማስታወቂያው መስመር 33099 ይመዘገባል። 18 ዓመት ለሞላቸው ልጆች፣ ለወላጆች እና ለሌሎች በግብር ከፋዩ ድጋፍ ለሚኖሩ ዘመዶች የወጣው ደግሞ በመስመር 33199 ይቀርባል።

ተቀባይነት ያላቸው ምግቦች

ቅናሹ የሚመለከተው በሌላ ጊዜ ግሉተን ያለበት ሆኖ የሚሸጥ፣ ለሕሙማን ግን ያለ ግሉተን የተዘጋጀ ምግብን ነው። ዳቦ፣ ኬክ፣ ብስኩት፣ ፓስታ እና የቁርስ እህሎች የተለመዱት ናቸው። በቤት ውስጥ ግሉተን አልባ ምግብ ለማዘጋጀት የሚገዙ ግብዓቶችም ሕመምተኛው ራሱ ለሚመገበው ምግብ እስከዋሉ ድረስ ይካተታሉ። የሩዝ ዱቄትና ግሉተን አልባ ቅመማ ቅመም በዚህ ረገድ የሚጠቀሱ ናቸው።

ሥጋ፣ ወተት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ምስርና ሩዝ ግን በተፈጥሯቸው ግሉተን የሌለባቸው ናቸው። እነዚህን ሕመምተኛውም ጤነኛውም በአንድ ዋጋ ስለሚገዟቸው የሚሰላ የዋጋ ልዩነት አይኖርም፤ ስለዚህም በዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም።

በካናዳ የምግብ ቁጥጥር አሠራር አንድ ምርት ግሉተን አልባ ተብሎ የሚሸጠው የግሉተኑ መጠን ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ20 ክፍል የማይበልጥ ሲሆን ነው። በማሸጊያው ላይ ግሉተን አልባ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምርት መግዛት ለጤናም ለማስረጃም የተሻለ ዋስትና ይሰጣል።

ጤፍ፣ እንጀራ እና የአገር ቤት ምግቦች

ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የሌለበት እህል በመሆኑ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁንና እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በየሱቁ ከሚሸጠው እንጀራ ብዙው ዋጋውን ለመቀነስና ሊጡ እንዲይዝ ለማድረግ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ይህ እንጀራ በመልኩና በጣዕሙ ከጤፉ ጋር ቢመሳሰልም ለሕመምተኛው ጎጂ ነው። በመሆኑም ገዢው በማሸጊያው ላይ የተዘረዘሩትን ግብዓቶች ማንበብ፣ ዝርዝር ከሌለም ጋጋሪውን በግልጽ መጠየቅ ይኖርበታል።

በቤት ለሚጋገር እንጀራም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስንዴ ከተቀላቀለበት ሊጥ የቀረ እርሾ በንጹሕ የጤፍ ሊጥ ላይ ቢጨመር ግሉተኑን ይዞ ይገባል። ለሁለቱም ዓይነት ሊጥ የሚያገለግል ቡሃቃ፣ ምጣድና ሰፌድም እንዲሁ። ስንዴና ጤፍ በአንድ ወፍጮ ሲፈጩም ዱቄቱ ሊነካካ ይችላል። ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ፣ የስንዴ ጨጨብሳ እንዲሁም ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ ጠላ ለሴሊያክ ሕመምተኛ አይፈቀዱም። በድግስና በለቅሶ ቤት የሚቀርብ እንጀራ ከምን እንደተጋገረ ሳያረጋግጡ መመገብም ለሕመም ሊዳርግ ይችላል።

ወደ ግብሩ ስንመለስ፣ ሕጉ እንጀራን በስም አይጠቅስም። የሚጠቅሰው መርሕ ነው፤ ይኸውም የግሉተን አልባው ምርት ዋጋ ከተመሳሳይ ግሉተን ካለበት ምርት ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ልዩነቱ ይወሰዳል የሚል ነው። በዚህ መርሕ መሠረት ለንጹሕ የጤፍ እንጀራ የቅርብ አቻው ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ ነው። ይህን ወጪ የሚያቀርብ ግብር ከፋይ የሁለቱንም ዓይነት እንጀራ ዋጋ የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ አለበት። በእጅ ለእጅ ግብይት ከግለሰብ ተገዝቶ ደረሰኝ ያልተሰጠበት እንጀራ ግን በዝርዝር ሊገባ አይችልም።

የዋጋ ልዩነቱ አሰላል

በሕክምና ወጪነት የሚቀርበው የምግቡ ሙሉ ዋጋ አይደለም፤ ልዩነቱ ብቻ ነው። ከግሉተን አልባው ምርት ዋጋ ላይ የተመሳሳዩ ተራ ምርት ዋጋ ይቀነሳል፤ የተገኘው ልዩነት በዓመቱ በተገዛው ብዛት ይባዛል። ንጽጽሩ ሚዛናዊ እንዲሆን የሁለቱ ምርቶች ክብደትና ዓይነት ተቀራራቢ ሊሆን ይገባል። የ400 ግራም ዳቦ ከ675 ግራም ዳቦ ጋር ሲነጻጸር በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ዋጋ በክብደት መሠረት መስተካከል አለበት።

ምግቡን የሚመገቡት የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ከሆኑ ደግሞ ሕመምተኛው የተመገበው ድርሻ ብቻ ይቀርባል። ለምሳሌ ከአንድ ፓኬት ፓስታ ግማሹን ሌላው ቤተሰብ የሚመገበው ከሆነ የዋጋው ልዩነት ግማሽ ይወሰዳል።

አሠራሩን ለማስረዳት ያህል፣ የ10 ዓመት ልጇ ሴሊያክ ያለባትን አንዲት እናት እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቀጥሎ የቀረቡት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ሁሉም በካናዳ ዶላር ሲሆኑ፣ በዝርዝሩ ያለው ብዛት ልጅቷ ብቻዋን የተመገበችው ነው።

– ዳቦ፦ ግሉተን አልባው 7.50፣ ተራው 3.50፣ ልዩነቱ 4.00፤ በዓመት 60 ዳቦ፣ ድምር 240
– ፓስታ፦ ግሉተን አልባው 4.50፣ ተራው 2.00፣ ልዩነቱ 2.50፤ በዓመት 40 ፓኬት፣ ድምር 100
– የቁርስ እህል፦ ግሉተን አልባው 7.00፣ ተራው 4.50፣ ልዩነቱ 2.50፤ በዓመት 24 ፓኬት፣ ድምር 60
– ዱቄት፦ ግሉተን አልባው በኪሎ 9.00፣ ተራው 4.00፣ ልዩነቱ 5.00፤ በዓመት 20 ኪሎ፣ ድምር 100

የዓመቱ ጠቅላላ የዋጋ ልዩነት 500 ዶላር ይሆናል።

መነሻ መጠኑ እና የቅናሹ ልክ

ይህ 500 ዶላር እንዳለ ከግብር አይቀነስም። የሕክምና ወጪዎች በሙሉ ከተደመሩ በኋላ ከሁለት መጠኖች አነስተኛው ይቀነሳል። አንደኛው የግብር ከፋዩ የተጣራ ገቢ 3 በመቶ ነው፤ ሁለተኛው ሕጉ በየዓመቱ የሚያስተካክለው ቋሚ መጠን ሲሆን ለ2024 የግብር ዓመት 2,759 ዶላር ነበር። የፌዴራሉ ቅናሽ የሚሰላው ከዚህ ተቀናሽ በሚተርፈው ላይ ነው። ለ2024 የግብር ዓመት ምጣኔው 15 በመቶ ሲሆን፣ ዝቅተኛው የግብር ምጣኔ በመቀነሱ ለ2025 ወደ 14.5 በመቶ፣ ለ2026 ወደ 14 በመቶ ወርዷል።

የእናቲቱ የ2024 የተጣራ ገቢ 48,000 ዶላር ቢሆን 3 በመቶው 1,440 ዶላር ነው። ምግቡ ብቻውን 500 ዶላር በመሆኑ ከዚህ መጠን አያልፍም፤ ቅናሽም አያስገኝም። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ስሌቱን የሚያቋርጡት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ለጥርስ ሕክምና 1,100፣ ለመነጽር 400፣ በሐኪም ትእዛዝ ለተገዛ መድኃኒት 240 ዶላር ከኪሷ ከፍላ ከሆነ፣ ሌሎቹ ወጪዎች 1,740 ይደርሳሉ። ከምግቡ ጋር ጠቅላላው 2,240 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ላይ 1,440 ሲቀነስ 800 ይተርፋል፤ የዚህ 15 በመቶ 120 ዶላር ነው። ምግቡን ባታስገባ ኖሮ የምታገኘው 45 ዶላር ብቻ ነበር። ልዩነቱ 75 ዶላር ሲሆን፣ የክፍለ ሀገሩ ቅናሽ ከዚህ በላይ ይጨመራል።

ከምሳሌው ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የምግቡ ወጪ ጥቅም የሚሰጠው በአብዛኛው ከሌሎች የሕክምና ወጪዎች ጋር ሲደመር በመሆኑ የቤተሰቡ የሕክምና ደረሰኞች በሙሉ በአንድ ቦታ ሊቀመጡ ይገባል። ሁለተኛ፣ ወጪውን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ውጤቱን ይወስናል። የባለቤቷ የተጣራ ገቢ 80,000 ዶላር ቢሆን 3 በመቶው 2,400 ነው። እርሱ ቢያቀርበው 2,240 ዶላሩ ከዚያ ስለሚያንስ ቤተሰቡ ምንም አያገኝም። በመሆኑም የሚከፈል ግብር እስካለበት ድረስ ዝቅተኛ ገቢ ያለው የትዳር ጓደኛ ማቅረቡ ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

በመስመር 33199 ለሚቀርቡ ዘመዶች ግን 3 በመቶው የሚሰላው በዘመዱ የተጣራ ገቢ ላይ ነው። ገቢው አነስተኛ የሆነ አረጋዊ ወላጅን ለሚረዳ ሰው ይህ አሰላል የበለጠ ይጠቅማል።

ቅናሹ የሚከፈለውን ግብር የሚቀንስ እንጂ በጥሬ ገንዘብ የሚመለስ አይደለም። ግብር የማይደርስበት ሰው በዚህ መስመር የሚያገኘው ነገር አይኖርም። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች መስፈርቱን ካሟሉ በመስመር 45200 ተመላሽ የሚሆን የሕክምና ወጪ ድጎማ ሊያገኙ ይችላሉ።

የ12 ወር ምርጫ

ወጪው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ብቻ እንዲቀርብ አይጠየቅም። ግብር ከፋዩ በግብር ዓመቱ ውስጥ የሚያበቃ ማንኛውንም የ12 ወር ጊዜ መምረጥ ይችላል። ለ2024፣ ለምሳሌ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 እስከ ጁን 30 ቀን 2024 ያለውን መውሰድ ይቻላል። ከባድ የጥርስ ወይም የዓይን ሕክምና ወጪ በሁለት ዓመታት መካከል የወደቀበት ቤተሰብ በዚህ ምርጫ ሊጠቀም ይችላል። በመስመር 33099 የሚቀርቡት ወጪዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት የ12 ወር ጊዜ ውስጥ የተከፈሉ መሆን አለባቸው፤ ባለፈው ዓመት የቀረበ ወጪም ዳግመኛ አይቀርብም።

መያዝ ያለባቸው ማስረጃዎች

የካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ የሚከተሉትን ሦስት ማስረጃዎች ሊጠይቅ ይችላል፦

1. ሕመምተኛው ሴሊያክ እንዳለበትና ግሉተን አልባ አመጋገብ እንደሚያስፈልገው የሚያረጋግጥ የሕክምና ባለሙያ ደብዳቤ፤
2. በዝርዝሩ ለገባው ለእያንዳንዱ ግሉተን አልባ ምግብና ግብዓት የግዢ ደረሰኝ፤
3. በተመረጠው የ12 ወር ጊዜ የተገዛውን እያንዳንዱን ምርት፣ የዋጋ ልዩነቱን፣ ብዛቱንና ድምሩን የሚያሳይ ማጠቃለያ።

በሙቀት የሚታተም የሱቅ ደረሰኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ጽሑፉ ስለሚጠፋ በገዙበት ቀን ፎቶ ማንሳት ወይም ኮፒ ማድረግ ይመከራል። ደረሰኙ የምርቱን ስም በአሕጽሮት ብቻ የሚያሳይ ከሆነ በጎኑ ምን እንደሆነ ማስታወሻ መጻፍ ኋላ ላይ ከሚፈጠር ውዝግብ ያድናል። የተራው ምርት ዋጋ በምን መሠረት እንደተወሰደ የሚያሳይ የሱቅ ማስታወቂያ ወይም የመደርደሪያ ዋጋ ፎቶም አብሮ ሊቀመጥ ይገባል።

ማስረጃዎቹ ከግብር ማስታወቂያው ጋር አይላኩም። ኤጀንሲው በጠየቀ ጊዜ እንዲቀርቡ ቢያንስ ለ6 ዓመታት በእጅ መቆየት አለባቸው።

የአቀራረብ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ የዓመቱ የዋጋ ልዩነት ከሌሎች የሕክምና ወጪዎች ጋር ይደመራል። ከዚህ ላይ መድን ድርጅት ወይም አሠሪ የተካው ገንዘብ ካለ ይቀነሳል፤ ቤተሰቡ ከኪሱ ያላወጣው ወጪ አይቀርብምና። ቀጥሎ ድምሩ እንደ ሁኔታው በመስመር 33099 ወይም 33199 ይመዘገባል። የክፍለ ሀገሩ ቅናሽ ደግሞ በቅጽ 428 ይሰላል። የኬቤክ ነዋሪዎች ለክፍለ ሀገራቸው የተለየ የግብር ማስታወቂያ ስለሚያቀርቡ በዚያ የሚጠየቀውንም ማሟላት ይኖርባቸዋል።

የግብር ማስታወቂያ ማቅረቢያ የመጨረሻው ቀን ለአብዛኛው ሰው ኤፕሪል 30 ነው። በግል ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎችና የትዳር ጓደኞቻቸው እስከ ጁን 15 ማቅረብ ቢችሉም፣ ያለባቸውን ዕዳ ግን እስከ ኤፕሪል 30 መክፈል ይጠበቅባቸዋል።

መብቱን ሳያውቅ ያለፈው ሰው ዕድሉ አልተዘጋበትም። የማሻሻያ ጥያቄ ያለፉትን 10 የግብር ዓመታት በተመለከተ ሊቀርብ ይችላል። ደረሰኝና የሐኪም ማረጋገጫ ያለው ሰው ማስተካከያውን በኢንተርኔት ወይም ለዚሁ በተዘጋጀው ቅጽ መጠየቅ ይችላል።

ሊታረሙ የሚገባቸው ስሕተቶች

ወጪውን ውድቅ ከሚያደርጉ ስሕተቶች መካከል የምግቡን ሙሉ ዋጋ ማስገባት፣ ሕመምተኛ ያልሆኑ የቤተሰብ አባላትን ድርሻ መደመር፣ በተፈጥሮው ግሉተን የሌለበትን አስቤዛ በዝርዝሩ ማካተት፣ ያለ ደረሰኝ በግምት ማስላት እና የሐኪም ደብዳቤ ሳይኖር ማቅረብ ይገኙበታል። ኤጀንሲው በማጣራት ሂደት ማስረጃ ጠይቆ ካላገኘ የተፈቀደውን ቅናሽ ሰርዞ ገንዘቡን ከነወለዱ ሊያስመልስ ይችላል።

የቋንቋ ችግር ያለባቸውና ገቢያቸው መጠነኛ የሆነ ነዋሪዎች በማኅበረሰብ ተቋማት በኩል በበጎ ፈቃደኞች የሚሰጠውን ነፃ የግብር ማስታወቂያ ዝግጅት አገልግሎት መጠቀም ይችላሉ። ወደዚያ ሲሄዱ የሐኪሙን ደብዳቤ፣ ደረሰኞችንና የተጠናቀቀውን ማጠቃለያ ይዘው መቅረብ አለባቸው።

ቅናሹ በአንድ ዓመት ሲታይ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። የሴሊያክ በሽታ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው፤ ወጪውም እንዲሁ። በሽታው እንደታወቀ የሐኪም ደብዳቤውን ያገኘና ደረሰኞቹን በወር በወሩ የመዘገበ ቤተሰብ፣ የግብር ወቅት ሲደርስ በሕግ የተፈቀደለትን ቅናሽ በየዓመቱ ያለ ችግር መጠየቅ ይችላል።